ቀን የሰው፣ ሌሊት የትጉሃን፤ የላስታ የሥራ ባህል ከዐለቱ እስከ እርከኑ

በላስታ ተራሮች እቅፍ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በቀድሞዋ ሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ስለ ሥራ የሚነገር አንድ የቆየ ትውፊት አለ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ሲፈለፈሉ ቀን ቀን ሰዎች ይሠሩ ነበር። ሌሊት ደግሞ መላእክት ይቀጥሉበት ነበር። ሰዎቹ በማግሥቱ ሲመለሱ ሥራው ትናንት ከተዉት አልፎ ሄዶ ያገኙት ነበር ይባላል። ይህን የሚሰማ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚቀረው በሌሊቱ ተአምር ላይ ነው። የቀኑን ክፍል የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ትውፊቱ ግን ሁለት ፈረቃ አለው፤ የመጀመሪያውም የሰው ነው። መላእክቱ የደረሱት መዶሻና መሮ ይዞ በፀሐይ ለዋለ ሠራተኛ ነው፤ እጁን አጣጥፎ ለጠበቀ ሰው እንደ ደረሱ የሚናገር ትውፊት በላስታ የለም።

ስለ ሥራ ወዳድነት ሲነገር በብዛት የሚነሣው ቃል «ትጋት» ነው። የቃሉ ሥር ብዙ ነገር ይናገራል። በግእዝ «ተግሀ» ማለት ነቃ፣ ሳይተኛ ጠበቀ ማለት ነው። እንቅልፍ የማያውቁት መላእክት «ትጉሃን» መባላቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ በሌሊት ሠሩ የሚባሉት መላእክትና በቀን የሚሠራው ትጉህ ገበሬ በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ትጋት በመጀመሪያ ትርጉሙ የክንድ ብርታት አይደለም፤ ንቃት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የሚውል፣ ነገር ግን ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ያላየ ሰው ደክሟል፤ ተግቷል ለማለት ግን ያስቸግራል። ላብ ብቻውን መለኪያ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት ከላሊበላ ዐለት የተሻለ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ተራ ግንብ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መሠረት ይጣላል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረደራል፣ በመጨረሻ ጣሪያ ይከደናል። የተበላሸ ድንጋይ ቢኖር ይነሣና ሌላ ይተካል። የላሊበላ ሠራተኞች ግን የጀመሩት ከጣሪያው ነው። በቅድሚያ በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ጉድብ ይቆፈራል፤ በመሐል ከምድር ያልተላቀቀ ትልቅ የድንጋይ ብሎክ ይቀራል። ከዚያ የውጩ ቅርጽ ከላይ ወደ ታች ይወጣለታል፤ በመስኮትና በበር በኩል ወደ ውስጥ ተገብቶም አዳራሹ ይፈለፈላል። ዓምዱ የሚቆመው ተተክሎ ሳይሆን ሳይነካ ቀርቶ ነው። ቅስቱ፣ መስቀሉ፣ የመስኮቱ ክፈፍ ሁሉ ከዐለቱ ላይ የተረፉ ናቸው።

በዚህ አሠራር ስህተት መመለሻ የለውም። አንድ ጊዜ ተፈልፍሎ የወደቀ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። አንዱ ዓምድ በስንፍና ወይም በችኮላ ከመጠን በላይ ቢቀጥን ሙሉው ጣሪያ ያንን ስህተት ተሸክሞ ይኖራል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከ33 ሜትር በላይ ርዝመት፣ 23 ሜትር ያህል ስፋትና 11 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ይህ ሁሉ የአንድ ዐለት አካል ነው። በመስቀል ቅርጽ የታነጸው ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው ደግሞ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድብ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆነው የተቀረጹት መስቀሎች ሥራው ሲጀመር የተነኩ የመጀመሪያዎቹ ገጾች መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። ጣሪያውን የቀረጸው እጅ ወለሉ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ሥራ አለ፤ በሕንድ ኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ መቅደስ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። በሁለቱም ቦታዎች መሮው ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት አሳቡ መጠናቀቅ ነበረበት።

ጎብኚው የሚያደንቀው ቅርጹን ነው። ከሁሉ የላቀው ትጋት ግን ያለው ማንም ፎቶ በማያነሣው ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ በውኃ መውረጃው። የላስታ ክረምት ኃይለኛ ነው። በጉድብ ውስጥ የታነጸ ቤት ደግሞ በተፈጥሮው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ መውጫ ካልተበጀለት በአንድ ነሐሴ ኩሬ ይሆናል። ሠራተኞቹ ለጣሪያዎቹ ተዳፋት ሰጡ፤ ግቢዎቹን አዘነበሉ፤ ከዐለቱ ሥር ቦይ ቆረጡ፤ ውኃውንም ወደ ዝቅተኛው ቦታ አወጡት። በሁለቱ ዋና የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች መካከል የሚያልፈው፣ «ዮርዳኖስ» የሚል ስም የተሰጠው መውረጃም ከዚሁ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ለዘመናት ከቆመው ከዚህ ድንቅ ሥራ ጀርባ ጌጥ የሌለው፣ ስም የማይጠራበት የቦይ ቆፋሪ ልፋት አለ። የሥራ ክብር የሚለካው በታዛቢ ብዛት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ቦዮች ባልተቆፈሩ ነበር።

በኢትዮጵያ ትውፊት ሥራው 23 ዓመታት ወስዷል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ፍልፈሉ በተለያዩ ዘመናት፣ ከንጉሥ ላሊበላም በፊት ጭምር የተከናወነ መሆኑን ይናገራሉ። ክርክሩ ለሊቃውንት ይቆይ። በአጭሩም ሆነ በረጅሙ ስሌት፣ በወጣትነቱ መሮ ያነሣ ሠራተኛ ፀጉሩ ሸብቶ ነው ያቆመው፤ ወይም ለልጁ አውርሶታል። ከንጉሡና ከንግሥት መስቀል ክብራ በቀር ስማቸው የሚነሣ የለም ለማለት ይቻላል። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥራ የመሐንዲሶቹ ፊርማ የለበትም።

ስም ከተነሣ ዘንድ፣ መራራ የሆነ አንድ ጉዳይም መነሣት አለበት። ዐለቱን የፈለፈለው መሮ፣ መቆፈሪያውና መዶሻው የብረት ሥራ ነው። ብረቱን አቅልጦና ቀጥቅጦ ስለት ያወጣለት የእጅ ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ በዐለቱ የሚኮራው ማኅበረሰብ ለብዙ ዘመን ቀጥቃጩን ሲሰድብ፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ ሲሸሽ፣ ቆዳ ፋቂውን ከማዕድ ሲያርቅ ኖሯል። ገበሬው ያለ ማረሻ እንደማያርስ፣ ካህኑም ሆነ መኳንንቱ ያለ ሸማኔው ጥበብ እንደማይለብሱ እያወቁ ሥራውን ተቀብለው ሠሪውን ናቁት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የሀገር ሀብት የሚገኘው ከሰው ድካም መሆኑን፣ እውቀት ያልታከለበት ድካም ግን ትርፉ ትንሽ መሆኑን አስረድተዋል። ስድቡ ዛሬ በአዋጅ ቋንቋ ባይሰማም፣ ልጁ ግንበኛ ከሚሆን ይልቅ ቢሮ እስኪገባ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ የሚመርጥ ወላጅ በከተማም በገጠርም አልጠፋም። የሥራ ባህል የሚለካው በሠራተኛው ብርታት ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው ለሥራው በሚሰጠው ስምም ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ አሸተን ማርያም አቀበት፣ ከዚያም አልፎ 4 ሺህ 200 ሜትር ከሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ሌላ ዓይነት የድንጋይ ሥራ ያያል፤ እርከን። ላስታ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ስስ ነው፤ የተከዜ ወንዝ መነሻም እነዚሁ ተራሮች ናቸው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ገበሬው ለዘመናት የኖረበትን አፈር ጠርጎ ወደ ቆላ ሊያወርደው ይችላል። የዐለቱ ጠቢባን ችግር ውኃውን ማስወጣት ነበር፤ የገበሬው ችግር ደግሞ ውኃውን ማቆየት ነው። የሚጠይቀው ንቃት ግን አንድ ነው።

ጥሩ እርከን እንደሚታየው የድንጋይ ክምር አይደለም። መስመሩ በተራራው ወገብ ላይ እኩል ከፍታ ይዞ እንዲሄድ በገመድና በውኃ ልክ ይለካል። ልኩ ከተሳተ ውኃው ወደ ዝቅተኛው ነጥብ ይሰበሰብና እርከኑ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጎርፍ ሠሪ ይሆናል። ቀጥሎ መሠረት ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይገባል፤ ግድግዳው ወደ ተራራው ጥቂት ዘንበል ይላል፤ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ይጠቀጠቃል። ከላይ ሣር ወይም እንደ ትሪሉሰርን ያለ ተክል ይተከልበታል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል። መሠረቱን ያልቆፈረ ሰው እርከን ከቆፈረው ሰው እርከን በጥር ወር ተለይቶ አይታይም። ሁለቱም ያምራሉ። የሚለያቸው ሐምሌ ነው።

ደግሞም እርከን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬ ያልጠገነው አንድ ክንድ ክፍተት ውኃውን ሰብስቦ ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ይለቀዋል፤ በሁለትና ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። የላይኛው ስንፍና የታችኛውን ድካም ያጥባል ማለት ነው። በተራራማ አገር የሥራ ወዳድነት የግል ጠባይ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ወራት የላስታ አርሶ አደሮች እንደ ሌላው የክልሉ ሕዝብ ለተፋሰስ ልማት ሥራ ይወጣሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ለመሥራት አቅም ያለው ተጠቃሚ በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ድጋፉን እንዲያገኝ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ብዙ ተራራ ለምቷል፤ የደረቁ ምንጮች የተመለሱባቸው ቦታዎችም አሉ። ነገር ግን ሁሉም አርሶ አደር የሚያውቀው ሌላ እውነትም አለ። ለቀን መቁጠሪያ የተሠራ እርከን አለ፤ ለክረምት የተሠራ እርከንም አለ። ቁጥሩ ለሪፖርት በቂ ሆኖ ድንጋዩ ግን በመጀመሪያው ጎርፍ የተበተነበት ቦታ ሲታይ፣ ጥፋቱን በገበሬው ስንፍና ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። ሥራው የሚመዘነው በኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ሠራተኛው ኪሎ ሜትር ይሠራል። ተጠብቆ የሚቆየው እርከን በአብዛኛው ባለቤቱ የታወቀ፣ ከበላዩ የሚታጨደው ሣር የማን እንደሆነ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

ስለ ሥራ ባህል ሲወራ ላስታን የሚያህል ምድር በጥንቃቄ መነሣት ያለበት ምክንያትም አለ። ይህ ሕዝብ በ1958፣ ከዚያም በ1965 እና 1966፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. የረኀብን ፊት ያየ ሕዝብ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሞተው ገበሬ ሰነፍ ስለነበረ አልሞተም። አርሷል፣ ዘርቷል፣ ሰማዩ ዘጋበት፤ ደራሹም ዘገየበት። «ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም፣ ተቃራኒው ሁልጊዜ እውነት አይሆንም፤ በሰኔ የተቸገረ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ትጋት ድህነትን ለመወንጀያ የሚያዝ ዱላ ከሆነ ትርጉሙን ያጣል። መሬቱ ጠባብ፣ በሬው አንድ፣ በልጉ የቀረበት ሰው ከማንም በላይ ሊለፋ ይችላል፤ ጎተራው ግን ላይሞላ ይችላል። የሥራ ወዳድነት የሚሰጠው ዋስትና ሳይሆን ዕድሉ ሲመጣ ተዘጋጅቶ መገኘትን ነው፤ ዝናቡ ሲጥል ማሳው ታርሶ፣ ዘሩ ተመርጦ፣ እርከኑ ተጠግኖ መቆየትን።

የላስታ ገበሬ ይህን ብቻውን አይወጣውም። ወንፈል ቀን በቀን የሚከፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው። ደቦ ደግሞ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ውል የለም፤ ሰዓት መቆጣጠሪያም የለም። ሆኖም ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የጠነከረ ቁጥጥር አለ። በሰው ማሳ ላይ አርፍዶ የሚመጣ፣ አጨዳው ላይ ወደኋላ እየቀረ ምሳ ላይ የሚቀድም ሰው ማንም አይቆጣውም፤ በሚቀጥለው ወንፈል ግን ስሙ ይዘለላል። ተራራ ላይ ለሚኖር ገበሬ ያ ከደመወዝ ቅጣት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የበዓላት ጉዳይ ሳይነሣ አያልፍም። ላስታ የቅዱሳን ነገሥታት ምድር ነው፤ በወሩ ውስጥ በሬ የማይጠመድባቸው፣ ወፍጮ የማይፈጭባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የሥራ ቀን አነሰ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መልስም አላገኘም። ቢሆንም ከበዓሉ ውጭ ያለው የሥራ ቀን ስንቱ በጠዋት ተጀምሮ በምሽት ያልቃል የሚለው ጥያቄ ከበዓላቱ ቁጥር ባልተናነሰ ሊጠየቅ ይገባል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ሥራን ስትነቅፍ አልኖረችም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር እንደነበር ታስተምራለች፤ ገዳማቷም በመነኮሳት ላብ የሚተዳደሩ ናቸው።

በዓልም ሆነ የሥራ ቀን፣ አንድ ሰው ግን እረፍት የለውም፤ የቤቱ እመቤት። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ደቦው ሲጠራ ጠላውን የጠመቀችውና እንጀራውን የጋገረችው እርሷ ናት። የደቦው ሥራ ሲቆጠር የአጫጆቹ ቁጥር ይነገራል፤ የእርሷ ሌሊት አይቆጠርም። በደቡብ ጎንደር ፎገራ የሚገኘው፣ በክቡር ዶክተር ዙምራ ኑሩ መሥራችነት የሚታወቀው የአውራምባ ማኅበረሰብ ስሙ ከክልሉ አልፎ የተሰማው ሥራን የወንድና የሴት ብሎ ባለመክፈሉ ነው፤ በዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድም ይጋግራል። የአውራምባ መንገድ ለሁሉም ይመቻል ማለት አይደለም። ግን ሥራ ወዳድ የሚባል ቤት ውስጥ ማን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ለመቁጠር አውራምባ መሆን አያስፈልግም።

የላሊበላ ከተማ ነዋሪ ጥያቄ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ የኖረችው በእንግዳ ነው። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ጫማ ጠባቂው፣ መስቀልና ነጠላ ሻጯ፣ ማር አምጥቶ የሚሸጠው ገበሬ ሁሉ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በረራውን አቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ገባ፤ መብራት ለወራት ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህም የክልሉ የሰላም ችግር ጎብኚን አርቋል። ቋንቋ አጥንቶ፣ ታሪክ አንብቦ፣ በጠዋት ተነሥቶ ደንበኛ ለመቀበል የለመደ ወጣት በአንድ ጊዜ የሚሠራው አጣ። አማርኛ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ «ሥራ ፈት» እና «ሥራ አጥ»። የመጀመሪያው ሥራ እያለ የተወ ነው፤ ሁለተኛው ፈልጎ ያላገኘ ነው። በንግግር ሁለቱን መቀላቀል ቀላል ቢመስልም፣ ሥራ ያጣን ሰው ሥራ ፈት ብሎ መጥራት በቁስሉ ላይ ስድብ መጨመር ነው። ለእንዲህ ያለው ወጣት ስለ ትጋት መስበክ ብቻ አይበቃም፤ ሰላምና መንገድ ያስፈልገዋል።

ችግሩ እንዳለ ሆኖ በከተማዋ የታየው ጽናትም የሚናቅ አይደለም። ታኅሣሥ 29 በሚከበረው ልደት፣ በእግር ተጉዘው ለሚመጡ ምዕመናን ነዋሪው እግር እያጠበ፣ ያለውን እያካፈለ ተቀብሏል። ይህም ሥራ ነው፤ ክፍያ የሌለው መሆኑ ሥራነቱን አያስቀረውም።

ከጎብኚው ገንዘብ ውጭ ያሉ መተዳደሪያዎችም ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ። የንጉሡ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በትውፊቱ መሠረት ሲወለድ ንቦች ስለከበቡት እናቱ ንብ ንግሥናውን አወቀች ስትል ስም አወጣችለት። «ላል» በአገውኛ ማር ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ ከከብት ንክኪ ተከልለው በሣርና በአበባ የተሸፈኑ ተራሮች ለንብ ቀሰም ሆነዋል፤ በክልሉ ብዙ ቦታዎች ወጣቶች ተደራጅተው በእነዚሁ ተፋሰሶች ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። የአባቶቻቸው የጥር ድካም ለልጆቹ የኅዳር ማር የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው። ንብ እርባታ ደግሞ የችኮላ ሥራ አይደለም፤ ቀፎውን ከጉንዳን የሚጠብቅ፣ በበጋ ውኃ የሚያቀርብ፣ ማሩን ሲቆርጥ ለንቡ ስንቅ የሚተው ሰው ይፈልጋል።

ለአብያተ ክርስቲያናቱም ሆነ ለእርከኑ ወሳኙ ወቅት አንድ ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ። በዐለቱ ሥር ያሉት ቦዮች በአፈርና በቅጠል ከተደፈኑ ውኃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ እርጥበቱም ድንጋዩን ይበላዋል። ማሳ ላይም በበጋ ከብት ያፈረሰው የእርከን ጫፍ ከሰኔ በፊት ካልተመለሰ በሐምሌ አይመለስም፤ ጭቃው አያሠራም። ልምድ ያላቸው አርሶ አደሮች የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እንደ ጣለ፣ ውኃው ገና ሳይደርቅ፣ ከማሳቸው ራስ እስከ ግርጌ በእግራቸው ይወርዳሉ። ውኃው የቆመበትንና የሾለከበትን ቦታ በዓይናቸው ይለያሉ፤ በዚያው ዕለት ከሥሩ ድንጋይ ያስገባሉ።